ከመጠምጠም መማር ይቅደም ፦ የብስክሌትን ብሎን ስለ መፍታትና ስለ ማጥበቅ

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን የአበው ብሂል ሁላችንም እናውቀዋለን። ብሂሉ የተነገረው ትምህርቱን ሳይፈጽም የሊቃውንትን ጥምጥም በራሱ ላይ ለማኖር ለሚቸኩል ሰው ነው። እኔ ግን ይህን ቃል በሰማሁ ቍጥር ትዝ የሚለኝ የራስ ጥምጥም ሳይሆን የአባቴ ብስክሌት የግራ ፔዳል ነው።

አባቴ በባሕር ዳር ከተማ መምህር ነበሩ። ባሕር ዳር መንገዷ ሜዳ ስለ ሆነ ብስክሌት እንደ እግር የሚቈጠርባት ከተማ ናት። አባቴም በሥራ ቀን ወደ ትምህርት ቤት፣ በእሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ የታመመ ለመጠየቅ የሚሄዱት በብስክሌታቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እርሳቸው ለቅሶ ሊደርሱ በሄዱበት ጊዜ፣ ሲንቋቋ የሰነበተውን የግራ ፔዳል ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ ግራሶ ቀብቼ ላስደስታቸው ዐሰብሁ። ዕድሜዬ ዐሥራ ሦስት ዓመት ነበር። ስለ ብሎን የማውቀውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ይጠብቃል፣ ወደ ግራ ሲያዞሩት ይፈታል የሚለው ነው።

መፍቻውን አግብቼ ወደ ግራ ብገፋው አልነቃነቅ አለኝ። ብገፋው፣ ብገፋው እንቢ ባለኝ ጊዜ ግማሽ ሜትር የሚያህል የውሃ ቧንቧ ቍራጭ ፈልጌ በመፍቻው እጀታ ላይ ሰካሁና በሁለት እግሬ ቆምሁበት። አንድ ጊዜ «ቋ» አለ፤ ከዚያ በኋላ መፍቻው ያለ ምንም ችግር ዞረ። ተፈታ ብዬ ደስ አለኝ። ፔዳሉን ስስበው ግን ከቀዳዳው ውስጥ እንደ እንጨት መላጫ የተጠቀለለ፣ የሚያብረቀርቅ የአሉሚንየም ክር ተከትሎት ወጣ። የፈታሁ መስሎኝ ሳጠብቅ ኖሬአለሁ፤ በመጨረሻም የቀዳዳውን ጥርስ ከሥሩ ልጬ አውጥቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ከመጀመሪያው የከፋ ነበር። የፌስታል ቅዳጅ በፔዳሉ ዘንግ ላይ ጠምጥሜ ወደ ቀዳዳው መልሼ ሰካሁት። በእጄ ብነቀንቀው አልወዛወዝ አለ፤ ከውጭ ለሚያየው ሰው ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረበትም። እኔም ለማንም አልተናገርሁም። እሑድ ዝናም ስለ ዋለ አባቴ በእግራቸው ሄዱ። ሰኞ ጠዋት ግን መንገድ ለማቋረጥ ፔዳሉን ረግጠው ሲነሡ ፔዳሉ ወልቆ ከእግራቸው በታች ወደቀ። አባቴም በቀኝ እጃቸው መሬቱን ሊደግፉ ሲሞክሩ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ከኋላ የሚመጣው ጋሪ ነጂ ፈረሱን ፈጥኖ ባይገታው ኖሮ ዛሬ ይህን ታሪክ በሌላ መንፈስ በጻፍሁት ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ማታ እጃቸው በጀሶ ታስሮ ከሆስፒታል በተመለሱ ጊዜ እግራቸው ሥር ወድቄ ሁሉን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፣ «ልጄ፤ ፔዳሉን ስላበላሸህ አልቈጣህም፤ የማያውቅ ሰው ያበላሻል። ነገር ግን ትናንት ማታ አንዲት ቃል ብትነግረኝ ኖሮ ዛሬ ወደ ሥራዬ በእግሬ እሄድ ነበር» አሉኝ። ሁለት ወር ያህልም በሰሌዳ ላይ በግራ እጃቸው ሲጽፉ ኖሩ። እኔንም ክረምቱን ሙሉ በገበያው አጠገብ ከዛፍ ጥላ ሥር ለሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ሠሪ በረዳትነት ሰጡኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከእርሳቸው የተማርሁትንና ከዚያ ወዲህ በንባብና በሥራ ያገኘሁትን ነው።

ብሎን እንዴት ይይዛል?

በብሎን ሰውነት ላይ እንደ ጥምጥም የሚዞረው ጠርዝ በሠራተኞቻችን ቋንቋ ጥርስ ይባላል። ብዙ ሰው ብሎን የሚይዘው ጥርሱ ስለ ተጠመደ ብቻ ይመስለዋል። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። ብሎን በጠበቀ ጊዜ ለዐይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል። የተለጠጠው ብረት ወደ ቀድሞ ልኩ ለመመለስ ሲስብ፣ በመካከሉ ያሉትን ሁለት ነገሮች አጥብቆ ያጋጥማቸዋል። እንግዲህ ብሎን የሚይዘው እንደ ተወጠረ ጅማት ሆኖ ነው።

ከዚህም ሦስት ነገር ይከተላል። ብሎኑ እጅግ ከላላ የሚስብበት ኀይል ስለማይኖረው በመንገዱ መንቀጥቀጥ ተፈትቶ ይወድቃል። በልኩ ከተወጠረ ዘመናትን ይኖራል። ከልክ በላይ ከተወጠረ ግን ተለጥጦ ይቀራል እንጂ ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ከዚያ በኋላ ወይ አንገቱ ይበጠሳል፣ ወይም ጥርሱ ይላጣል። የሚያሳዝነው ነገር፣ ከልክ አልፎ የተለጠጠ ብሎን ከውጭ ሲያዩት ደኅና መስሎ መታየቱ ነው። በሠሪው እጅ ላይ ሳይሰበር ቈይቶ፣ ከሳምንት በኋላ በነጂው እጅ ላይ፣ ያውም በቍልቍለት ላይ ሊሰበር ይችላል።

ሌላም ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። በመፍቻ ከምናወጣው ኀይል ውስጥ ብሎኑን ለመለጠጥ የሚውለው ከመቶ 10 ያህሉ ብቻ ነው። 50 ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥር፣ 40 ያህሉ ደግሞ በጥርሱ ላይ ባለው ፍትጊያ ያልቃል። ስለዚህ ጥርሱ የዛገ ወይም አሸዋ የገባበት ብሎን መፍቻውን ሲያስጨንቀው የጠበቀ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ድካማችን ሁሉ በዝገቱ ላይ ቀርቷል። በአንጻሩ ግራሶ የተቀባ ብሎን በቀላሉ ስለሚዞር፣ በደረቁ ብሎን ላይ የለመድነውን ኀይል ብናሳርፍበት ከልክ በላይ ይወጠራል። ሽማግሌው መምህሬ «ዘይት የቀባኸውን ብሎን በለሰለሰ እጅ እሰረው» ይሉኝ የነበረው ስለዚህ ነው።

የግራው ፔዳል ምሥጢር

እንግዲህ እኔን ወዳሳተኝ ነገር እንመለስ። የብስክሌት ቀኝ ፔዳል እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። የግራው ፔዳል ግን ጥርሱ የተቀረጸው በተቃራኒው ስለ ሆነ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል። ይህም የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። እርሳስ ወስደህ በጨበጥኸው መዳፍህ ውስጥ አላልተህ ያዘውና ጫፉን በሌላው እጅህ ክብ እያደረግህ አዙረው። እርሳሱ አንተ ከምታዞርበት በተቃራኒ አቅጣጫ በራሱ ዙሪያ ቀስ እያለ ሲሽከረከር ታገኘዋለህ። የነጂው ክብደትም በፔዳሉ ዘንግ ላይ እንዲሁ ይዞራል። በሁለቱም ወገን ጥርሱ አንድ ዐይነት ቢሆን ኖሮ የግራው ፔዳል በመንገድ ላይ ራሱን እየፈታ ይወድቅ ነበር።

ይህን ለማስታወስ የሚረዳ፣ በሁለቱም ወገን የማይሳሳት ሕግ አለ። መፍቻውን በፔዳሉ ዘንግ ላይ ሽቅብ ቀጥ አድርገህ አቁመው። የላይኛውን ጫፍ ወደ ኋላ ጎማ ብትገፋው ይፈታል፤ ወደ ፊት ጎማ ብትገፋው ይጠብቃል። ቀኝና ግራን ማሰብ አያስፈልግም። የፔዳል መፍቻም ብዙውን ጊዜ 15 ቍጥር ነው።

የፔዳሉ ክንዶች የሚዞሩበት፣ በብስክሌቱ መካከል ያለው ቤትም እንዲሁ ያስታል። በእንግሊዝ ሥርዐት በተሠራ ብስክሌት የቀኙ ወገን ክዳን ጥርሱ የግራ ነው፤ ስለዚህ ለመፍታት ወደ ቀኝ ይዞራል። በጣሊያን ሥርዐት በተሠራው ግን ሁለቱም ወገኖች እንደ ተራ ብሎን ወደ ግራ ይፈታሉ። የእንግሊዙ ስፋት 1.37 ኢንች፣ የጣሊያኑ 36 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ሮንዴላ፣ ግራሶ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ እንደ ወረሱልን ሁሉ፣ አንዳንድ ያረጀ ብስክሌትም የጣሊያን ሥርዐት ይዞ ሊገኝ ይችላልና፣ ኀይል ከመጨመር በፊት የማን ሥራ እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

ሳይፈቱ በፊት

ብዙ ብሎኖች የሚበላሹት በሚጠብቁበት ሳይሆን በሚፈቱበት ጊዜ ነው። የሚበላሹትም በብዛት ልካቸው ባልሆነ መፍቻ ምክንያት ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ዳዶ ላይ 13 ቍጥር መፍቻ ይገባል፤ ነገር ግን በመካከላቸው የምትቀረው ጥቂት ክፍተት የዳዶውን ማዕዘን ጠርባ ክብ ታደርገዋለች። አፉ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻም፣ ፒንሳም፣ ማዕዘኑን እንደ አይጥ ይበሉታል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ዳዶውን ዙሪያውን የሚከበው ዝግ መፍቻ ይመረጣል።

ባለ ስድስት ማዕዘን ጕድጓድ ያለው ብሎን ከሆነ፣ አስቀድሞ በጕድጓዱ ውስጥ የደረቀውን ጭቃ በወስፌ ማውጣት ያስፈልጋል። ጭቃው ካልወጣ መፍቻው እስከ መጨረሻው አይገባም፤ በአፉ ብቻ የያዘ መፍቻም ጕድጓዱን ያከብበዋል። የመፍቻው ጫፍ ራሱ ካረጀና ከዶለዶመ ጫፉን በሞረድ ቈርጦ ማሳጠር ወይም መለወጥ ከአንድ ብሎን ዋጋ ይልቅ ይረክሳል። በካቻቢቴ የሚፈታ የመስቀል ራስ ያለው ብሎን ከሆነ ደግሞ፣ ከኀይልህ አብዛኛውን ወደ ውስጥ ለመጫን፣ ጥቂቱን ለማዞር አውለው። በጃፓን ሥርዐት የተሠራው የመስቀል ራስ ከሌላው ጥቂት ስለሚለይ፣ ብዙ ጊዜም በራሱ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ስላለችበት፣ ካቻቢቴው በደንብ መግጠሙን ሳያዩ መጠምዘዝ አይገባም።

የዛገ ብሎን ከሆነ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አንጠብጥበህ አሳድረው። የብሎኑን ራስ በመዶሻ በቀስታ መምታት ዘይቱ ወደ ውስጥ እንዲገባ ይረዳል። በማግሥቱ አስቀድመህ በጣም ጥቂት ወደሚጠብቅበት ንካው፤ ከዚያም ወደሚፈታበት መልሰው። ይህ ዝገቱን ይሰብረዋል። አንድ ጊዜ ከተንቀሳቀሰም በአንድ ትንፋሽ እስከ መጨረሻው አትፍታው፤ ግማሽ ዙር ፈትተህ ሩብ ዙር መልሰው፣ ዘይት ጨምርበት፣ እንደገና ፍታው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላልና፣ እዚህ ላይ የሚጠፋው ሩብ ሰዓት ብሎን ከመሰርሰር ያድናል።

ሲያስሩ

ሽማግሌው መምህሬ ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ቃል ነበራቸው፤ «በጣትህ ያልጀመርኸውን በመፍቻ አትጨርሰው» ይሉ ነበር። ብሎን ሁሉ ቢያንስ ሦስትና አራት ዙር በባዶ ጣት መግባት አለበት። ለመጀመር አስቀድሞ ወደሚፈታበት ወገን ቀስ አድርጎ ማዞር መልካም ነው፤ የጥርሱ መጀመሪያ ከቀዳዳው ጥርስ መጀመሪያ ላይ ሲወድቅ ጣት «ጠቅ» ስትል ታውቀዋለች። ከዚያ ወደ ማጥበቂያው ቢያዞሩት በቀጥታ ይገባል። ተንጋድዶ የገባ ብሎን ግን ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ይከብዳል፤ በዚያ ጊዜ መፍቻ ማንሣት ጥርሱን ማረድ ነው። አውጥቶ፣ አጽድቶ፣ እንደገና መጀመር እንጂ ሌላ መድኀኒት የለውም።

ብሎኑ ጥልቅ ሆኖ መግባቱንም መቍጠር ይገባል። የመጀመሪያው ጥርስ ብቻ ከሸክሙ ሲሶ ያህሉን ይሸከማል፤ የቀሩት እየቀነሰ የሚመጣውን ይካፈላሉ። በብረት ውስጥ ብሎን ቢያንስ የውፍረቱን ያህል፣ ለስላሳ በሆነው በአሉሚንየም ውስጥ ደግሞ የውፍረቱን አንድ ተኩል እጥፍ መግባት አለበት። በብስክሌት ላይ የሚበዛው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን በአንድ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ይገባል። ስለዚህ በአሉሚንየም ውስጥ ከ9 ዙር በፊት ከጠበቀ፣ ወይ ብሎኑ አጭር ነው፣ ወይም በቀዳዳው ውስጥ ቈሻሻ አለ ማለት ነው።

የማይመሳሰሉ ጥርሶችን ማጋባት ደግሞ ሌላው የጥፋት መንገድ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ለብሎን ጥርስ አንድ ወጥ ሥርዐት ባቀረበ ጊዜ የጥርሱን ማዕዘን 55 ዲግሪ አደረገው። ዛሬ በዓለም የበዛው የሜትር ሥርዐት ግን 60 ዲግሪ ነው። በኋላ ጎማ ዘንግ ላይ ያለው ነገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። አንዳንዱ ዘንግ 10 ሚሊ ሜትር ሲሆን በየ1 ሚሊ ሜትሩ አንድ ጥርስ አለው፤ ሌላው 9.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በ1 ኢንች ውስጥ 26 ጥርስ አለው። የትልቁ ዳዶ በትንሹ ዘንግ ላይ በጣት እየተወዛወዘ በቀላሉ ይገባል፤ የሚነካው ግን የጥርሱን ጫፍ ብቻ ስለ ሆነ በመፍቻ ሲጠብቅ ይላጣል። በቀላሉ የገባና የሚወዛወዝ ዳዶ ካገኘህ አትደሰት፤ ተጠራጠር።

ግራሶን በተመለከተ፣ የብረት ብሎን በአሉሚንየም ውስጥ እርጥበት ሲያገኝ ሁለቱ ማዕድናት እርስ በርሳቸው እየተበላሉ አንድ አካል እስኪመስሉ ይጣበቃሉ። ስስ ግራሶ ይህን ይከለክላል። ፔዳል፣ የኮርቻ ዘንግና የመሪ አንገት ያለ ግራሶ መግባት የለባቸውም። ከካርቦን የተሠራ አካል ላለው ብስክሌት ብቻ፣ ዘንጉ ስለሚያንሸራትት፣ በግራሶ ምትክ ለእርሱ የተዘጋጀውን ልዩ ቅባት መጠቀም ያስፈልጋል።

ልክ ምን ያህል ነው?

የማዞሪያ ኀይል በኒውተን ሜትር ይለካል። በብዙ ብስክሌቶች የመሪ አንገት ላይ ያሉት ትንንሽ ብሎኖች የሚፈልጉት 5 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ይህም በ10 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 5 ኪሎ ግራም ክብደት እንደ ማንጠልጠል ነው። ፔዳል ደግሞ ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፤ በ20 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ግራም ያህል መጫን ማለት ነው። እኔ ያን ጊዜ ክብደቴ 40 ኪሎ ግራም ያህል ነበር፤ በግማሽ ሜትር ቧንቧ ላይ በቆምሁ ጊዜ ግን 200 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ፣ ማለት ከልኩ 5 እጥፍ የሚሆን ኀይል አሳርፌ ነበር። ጥርሱ ቢላጥ ምን ይደንቃል?

ልኩን የሚያሳይ መፍቻ ያለው ሰው በእርሱ ይጠቀም፤ በብሎኑ አጠገብ የተጻፈ ቍጥር ካለም እርሱን ይከተል። መፍቻው የሌለው ሰው ደግሞ የእጁን አያያዝ ይለካ። ለትንሽ ብሎን አጭር መፍቻ ወስደህ በሦስት ጣት፣ ከብሎኑ አጠገብ ያዘው። ረጅም እጀታና ሙሉ ክንድ ለትልቁ ብሎን ብቻ ነው። በአንድ ክዳን ላይ አራት ብሎኖች ካሉ ሁሉንም በጣት ካስገባህ በኋላ በመስቀል ቅርጽ እያፈራረቅህ፣ ለያንዳንዱ ሩብ ሩብ ዙር ጨምርለት። አንዱን ፈጽሞ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ የመጀመሪያውን ለብቻው ማስጨነቅ ነው።

በሚያጠብቁበት ጊዜም እጅ ማዳመጥ አለባት። ጤነኛ ብሎን መፍቻው በዞረ ቍጥር እየከበደ ይሄዳል። እየከበደ መጥቶ በድንገት ክብደቱ ቢቆም ወይም ቢላላ፣ ብሎኑ መሞት ጀምሯል። በዚያች ቅጽበት «ትንሽ ልጨምርለት» ማለት አይገባም፤ ማቆም፣ ማውጣትና መለወጥ ይገባል። ምትኩም የወጣውን የሚመስል ይሁን። በብሎን ራስ ላይ 8.8፣ 10.9 ወይም 12.9 ተብሎ የተቀረጸው ቍጥር የብረቱን ጥንካሬ ይገልጻል፤ ቍጥሩ በበለጠ መጠን ብረቱ ይበረታል። ከአልጋ ወይም ከወንበር የወጣ ብሎን በመሪና በፍሬን ላይ ማሰር የሰውን ሕይወት በማይታወቅ ብረት ላይ ማንጠልጠል ነው።

ከተበላሸስ?

ጥንቃቄ ሁሉ ተደርጎም ብሎን ይሰበራል። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው። የተሰበረው ጫፍ ወደ ውጭ የቀረ ከሆነ፣ ሁለት ጎኑን በሞረድ ጠፍጣፋ አድርጎ በመፍቻ መያዝ፣ ወይም በብረት መጋዝ ራሱ ላይ ቦይ አውጥቶ በካቻቢቴ መፍታት ይቻላል። በቀዳዳው ውስጥ የቀረ ከሆነ ግን መካከሉን በሹል ብረት ነቍጦ በቀጭን መሰርሰሪያ መብሳት ያስፈልጋል። የተሰበረ ብሎን ማውጫ የሚባለው መሣሪያ ይረዳል፤ ነገር ግን ብረቱ እጅግ ጠንካራና ተሰባሪ ስለ ሆነ፣ በቀዳዳው ውስጥ ቢሰበር ተራ መሰርሰሪያ አይበሳውም። ስለዚህ ልምድ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ወደ ባለሙያ ቢሄድ ኪሳራው ያንሳል።

የተላጠ የፔዳል ቀዳዳ ደግሞ ቀዳዳውን አስፍቶ፣ አዲስ ጥርስ አውጥቶ፣ የብረት ቀለበት በመክተት ይድናል፤ ይህም የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። ካልሆነም ክንዱ ይለወጣል። ማጣበቂያ፣ ክርና ፌስታል ግን መድኀኒት አይደሉም፤ በሽታውን መሰወሪያ ናቸው። ይህን ከማንም በላይ እኔ ዐውቀዋለሁ። አንድ ብሎን መበላሸቱን ያወቁበት ብስክሌት እስኪጠገን ድረስ ይቁም፤ በመሪው ላይም «አትንዱ» የሚል ወረቀት ይንጠልጠል። በቤቱ ውስጥ ማን ተነሥቶ እንደሚነዳው አይታወቅምና።

ወላጆችም ከዚህ አንድ ነገር ቢይዙ እወድዳለሁ። ልጆች መፍቻ እንዲነኩ መከልከል አይበጅም፤ ያልነካ አይማርም። ነገር ግን ልጁ ያበላሸውን ሳይፈራ የሚናገርበት ቤት መሆን አለበት። አባቴ ክፉ አልነበሩም፤ እኔ ግን በዚያ ቅዳሜ ማታ ቍጣቸውን ብቻ ዐሰብሁ እንጂ ሰኞ ጠዋት የሚነዱት እርሳቸው መሆናቸውን አላሰብሁም።

አባቴ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ያለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ሴት ልጄ ከጓሮ መጥታ እጇን ዘረጋችልኝ። በመዳፏ ላይ ጥርሱ የተላጠ የኮርቻ ብሎን ነበር። «አባባ፤ ኮርቻውን ከፍ ላደርገው ብዬ አጠበቅሁትና ዝም ብሎ ዞረ። አበላሸሁት መሰለኝ» አለችኝ። ብሎኑን ተቀብዬ አየሁት፤ በእውነት አበላሽታዋለች። ወደ ገበያ አብረን ሄደን የሚመስለውን ገዛን፤ ጥርሱንም ግራሶ ቀባነው፤ እርሷም አራት ዙር በጣቷ አስገብታ በአጭሩ መፍቻ በሦስት ጣት አጠበቀችው። ማታ በብስክሌቱ ስትሄድ ከበር ላይ ቆሜ አየኋት።